ዳንቴል የለበሰው ራውተር፦ ማታ ማታ ለሚጠፋ ዋይፋይ

ችግር፦ ጠዋት ደህና የነበረው ዋይፋይ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ስልኩን ይዞ ሲቀመጥ፣ ይንቀራፈፍና ይጠፋል። ነቅለው ሲሰኩት ይመለሳል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ይጠፋል።

መስመሩን ከማማረርዎ በፊት ስልክዎን ይዘው ራውተሩ አጠገብ ይቁሙ። ሲቋረጥ የዋይፋዩ ስም ከስልኩ ላይ ጭራሹን ከጠፋ፣ የቆመው ራውተሩ ራሱ ነው። ስሙ እያለ ኢንተርኔቱ ብቻ ከሌለ ብዙውን ጊዜ ነገሩ የመስመር ነው፤ በፋይበር መስመር ላይ «ኤል ኦ ኤስ» (LOS) የሚለው መብራት ከቀላ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ይደውሉ። ቀጥሎ ሙቀቱን ለማወቅ መዳፍዎን ራውተሩ ላይ ያሳርፉ። ለብ ማለቱ ያለ ነው። እስከ አሥር መቁጠር ካቃተዎት ግን ከልክ በላይ ሞቋል።

ምክንያት፦ የአዲስ አበባ አየር አይደለም። አብዛኛው የቤት ራውተር በዙሪያው ያለው አየር እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስም እንዲሠራ የተሠራ ነው፤ አራት ኪሎ ደግሞ በበጋ ቀትር እንኳን 30 መድረሷ ብርቅ ነው። የሚጎዳን ከፍታችን ነው፤ እሱም ጥቂት። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ይቀንሳል። አብዛኛው የቤት ራውተር ማራገቢያ የለውም። የሞቀው አየር በላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል፤ መተንፈሻው ይኸው ብቻ ነው። እሱን የምንዘጋው እኛ ነን፣ ያውም በአክብሮት።

ዋይፋይ እምቢ አለኝ ብለው የጠሩኝ አንዲት ጎረቤቴ ቤት፣ ቡፌው ላይ ሪሲቨሩ፣ ሪሲቨሩ ላይ ራውተሩ፣ ከሁሉም በላይ ነጭ ዳንቴል ተደርቦ አገኘሁ። ዳንቴሉን ገለጥ ሳደርገው የጋለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። «አቧራ እንዳይገባበት ብዬ እኮ ነው ልጄ» አሉኝ። አቧራው ግን ገብቶ የጎን ቀዳዳዎቹን እንደ ጥጥ ደፍኗቸዋል። ሪሲቨሩም ከሥር ምድጃ ሆኖለታል።

መፍትሄ፦ ራውተሩን ነቅለው ሃያ ደቂቃ ያሳርፉት። ቀዳዳዎቹን በደረቅና ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይጥረጉ፤ እርጥብ ጨርቅ አይንካው። ከሪሲቨሩ ላይ አውርደው ለብቻው ያስቀምጡት፤ ዳንቴሉም ሌላ ሥራ ይፈለግለት። ከዚያ አራት የለስላሳ ቆርኪ ከአራቱ ማዕዘኖቹ ሥር ያድርጉ። ይህቺ የጣት ውፍረት የማትሞላ ክፍተት አየር በሥሩ እንዲያልፍ ትበቃለች፤ ዋጋዋም ባዶ ጠርሙስ ነው። የተዘጋ ቡፌ ውስጥ፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር፣ ወይም የቡና ከሰል የሚቀጣጠልበት ጥግ አያስቀምጡት። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱም ስስ ከሆነ ከፍ ያለ መደርደሪያ ቀትር ላይ ይግላል። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚከቱ ሰዎችም አሉ፤ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፣ ከሙቀቱ ይልቅ ያ ይገድለዋል።

ችግር፦ ራውተሩ አልሞቀም፣ ግን በማንኛውም ሰዓት መብራቶቹ በአንድነት ጠፍተው ይበራሉ።

ይህ የአዳፕተሩ ነገር ነው ብለው ይጠርጥሩ። መብራት ሲሄድና ሲመጣ፣ ኃይሉም ከፍ ዝቅ ሲል ቀድሞ የሚደክመው እሱ ነው። ሶኬቱ ወይም ዲቫይደሩ ላይ ላልቶ እንደሆነ መጀመሪያ ነካ አድርገው ይዩ። ካልሆነ አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው ቮልት አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ባለ 12 ቮልቱን ራውተር በ9 ቮልት ማሠራት እንደገና ማቆራረጥ ነው፣ ባለ 9ኙን በ12 መሰካት ደግሞ ማቃጠል ሊሆን ይችላል። አምፔሩ እኩል ወይም በለጥ ያለ ይሁን። የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ አቀማመጥም ይመሳሰል፤ ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ቢል አይመኑት፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ።