ቁልፍም መብራትም አልሠራ ላለው ማሲ 135 ገመድ ከባዶ መዘርጋት

ማሲ ፈርጉሰን 135 ያለው ሰው ይሄን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 ድረስ እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ የተመረተ ትራክተር ነው፣ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ የፐርኪንስ ሞተር ዛሬም ያርሳል። የሚሞተው የኤሌክትሪክ ገመዱ ነው። የያዘው ሁሉ እየቆረጠ፣ እየቀጠለ፣ ናስትሮ እየጠቀለለበት ይኖርና መጨረሻ ላይ ቁልፉ ጌጥ ይሆናል፤ ትራክተሩም ማስነሻው ሞተሪኖ ላይ ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ እያገናኙ ይነሳል። የአጎቴም እንደዛ ነበር። ቀጣጥለን ልናድነው ሁለት ቀን ፈጀን፣ በሦስተኛው ቀን ጨሰ። ከዛ በኋላ ሁሉንም አውጥቼ ከባዶ ዘረጋሁት፣ እናንተም ከዛው ብትጀምሩ ይሻላል። ግን ከመቁረጣችሁ በፊት የትኛው ሽቦ የት እንደሚገባ በስልክ ፎቶ አንሱ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዙ። ይሄ ናፍጣ ነው፣ ቁልፉ ሞተር አያጠፋም። የሚያጠፋው ናፍጣውን የሚዘጋው መጎተቻ ነው። እንደ ቤንዚን ሞተር ብልጭታ የሚሰጥ ቦቢና የለ፣ ካንዴላ የለ። የቁልፉ ሥራ ለዳሽቦርዱ ኤሌክትሪክ መልቀቅ፣ ጠዋት በብርድ ማሞቂያውን ማጋል፣ ከዛ ሞተሪኖውን ማዘዝ ነው። ማዘዝ ነው ያልኩት፤ ሞተሪኖው የሚስበው በመቶ የሚቆጠር አምፔር በቁልፉ ውስጥ ማለፍ የለበትም።

ባትሪውን ስትፈቱ ከትራክተሩ ብረት ጋር የታሰረውን ጫፍ አስቀድሙ፣ ስትመልሱ ደግሞ እሱን የመጨረሻ አድርጉት። አብዛኛውን ጊዜ ኔጌቲቩ ነው፣ ግን አሮጌ የእንግሊዝ ትራክተር ላይ ፖዘቲቩ ከብረቱ ጋር ታስሮ ሊገኝ ስለሚችል ሳታዩ አትገምቱ። ዲናሞ ያለው ትራክተር ላይ አቅጣጫውን ዝም ብላችሁ ከገለበጣችሁት ቻርጅ ማድረግ ያቆማል ወይም መቆጣጠሪያው ይቃጠላል።

አሁን ዋናው መንገድ፣ ኔጌቲቩ ከብረቱ ጋር ለታሰረ ትራክተር። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወፍራሙ ገመድ በቀጥታ ወደ ሞተሪኖው ሶሌኖይድ (ቁልፉ ሲያዝዘው ትልቁን ኤሌክትሪክ ለሞተሪኖው የሚያገናኘው ማብሪያ) ይሄዳል። ከዛው ብሎን ላይ ሌላ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ሽቦ ታወጡና ወደ አምፔር መለኪያው አንድ ጫፍ ታስገባላችሁ። ከሞተሪኖው በቀር ኤሌክትሪክ የሚበላው ሁሉ፣ የዲናሞው ቻርጅም ጭምር፣ ከመለኪያው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው የሚታሰረው። ይሄን ያሳሳተ ሰው መለኪያው ለምን እንደሚዋሽ ሲገርመው ይኖራል።

ቁልፉ ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ አራት ቁጥሮች አሉ። 1 ከመለኪያው የሚመጣው ነው። 2 ቁልፉ ሲከፈት የሚበራው፣ ለዳሽቦርዱ። 3 ማሞቂያው፣ 4 ሞተሪኖው። አሁን ገበያ ላይ የሚሸጡት ተተኪዎች ግን ቁጥራቸውን የሚያዛቡበት ጊዜ ስላለ፣ መልቲሜትሩን ሁለት ጫፍ ሲገናኝ ድምፅ የሚያሰማበት ላይ አድርጉና ከ1 ጋር የትኛው በየትኛው መዞሪያ እንደሚገናኝ በእጃችሁ አረጋግጡ። አምስት ደቂቃ ነው። ማሞቂያው ከ10 አምፔር በላይ ስለሚስብ ቀጭን ሽቦ አትስጡት፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን።

ከ4 የሚወጣው ሽቦ በቀጥታ ወደ ሶሌኖይዱ አይሄድም። መጀመሪያ ማርሹ ካልተፈታ ሞተሪኖው እንዳይዞር በሚያደርገው ማብሪያ ውስጥ ያልፋል፤ የሃይ-ሎው (ፈጣንና ቀርፋፋ መምረጫው) ማርሹ ዘንግ ነው የሚጫነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያልፈው እሱን ነው፣ "ተበላሸ፣ አገናኘው" ይባላል። እባካችሁ ተዉት። ትራክተር በካቻቢቴ የሚያስነሳ ሰው ቆሞ ያለው ከኋላው ጎማ ፊት ለፊት ነው፣ ማርሽ ገብቶ ከነበረ ሞተሩ እንደተነሳ ይሄድበታል። በዚህ ሰው ይሞታል። ማብሪያው ከተበላሸ አዲስ ግዙ፣ ውድ ዕቃ አይደለም።

መብራቱ ላይ ሐሳብ የሚለያይ ነገር አለ። አንዳንዱ ከቁልፉ ቁጥር 2 ይወስደዋል፣ ቁልፍ ሲዘጋ አብሮ እንዲጠፋ። እኔ ከመለኪያው ጫፍ ነው የማወጣው፣ በ20 አምፔር ፊውዝ በኩል። ማታ መንገድ ዳር የቆመ ትራክተር ቁልፉ ቢወጣም መብራቱ መብራት አለበት፣ ቁልፉም ሸክም ይቀንስለታል። ሒሳቡ ይሄ ነው፦ ሁለት የፊት አምፖል እያንዳንዱ 45 ዋት ቢሆን 90 ዋት፣ ለ12 ቮልት ሲካፈል 7.5 አምፔር። ትናንሾቹንና የኋላውን የእርሻ መብራት ስትጨምሩ ወደ 12 ይጠጋል። ፊውዙ ወደ ምንጩ ቅርብ ይሁን፣ መብራቱ ጋ ከሆነ መሐል ላይ የሚላጠውን ሽቦ አያድነውም። ማብሪያው ሁለት ደረጃ አለው፣ መጀመሪያ ትናንሾቹ፣ ቀጥሎ የፊቱ። ለፊቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ በቂ ነው።

የሽቦ ቀለም ስትመርጡ የድሮውን የእንግሊዝ ልማድ ብትከተሉ በኋላ የሚመጣው ሰው ያመሰግናችኋል፦ ቡናማ ሁሌም እሳት (ኤሌክትሪክ) ያለበት፣ ነጭ ከቁልፍ በኋላ፣ ሰማያዊ የፊት መብራት፣ ቀይ ትናንሾቹ፣ ጥቁር ግራውንድ፣ ማለትም ወደ ትራክተሩ ብረት የሚመለሰው።

ስለ ግራውንድ ካነሳን፣ መብራት ደከመ የሚባለው አብዛኛው ጊዜ እሱ ነው። ቀለምና ዝገት ላይ የታሰረ ብሎን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። እስኪያብረቀርቅ ፈግፍጉት፣ ወይም እንደ እኔ ለእያንዳንዱ መብራት የራሱን ጥቁር ሽቦ ስጡት። መብራቱ በርቶ ሳለ በአምፖሉ ቤትና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ለኩ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ግራውንዱ ገና ነው።

ባትሪውን ከማሰራችሁ በፊት ደግሞ አንድ የፍሬን መብራት አምፖል፣ 12 ቮልት 21 ዋት፣ በኔጌቲቩ ጫፍና በገመዱ መካከል አስገቡ። ሁሉም ተዘግቶ ሳለ አምፖሉ ደምቆ ከበራ የሆነ ቦታ ሽቦ ብረት ነክቷል፣ አምፖሉ እስኪጠፋ ድረስ አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ፈልጉ። ጨለማ ከሆነ ገመዱን እሰሩ፣ ማርሹን ፍቱ፣ ብርድ ከሆነ ቁልፉን ማሞቂያው ላይ 15 ሰከንድ ያህል ያዙና አስነሱ።