የሙከራዊ አጫጭር ፊልሞች ፌስቲቫል መክፈቻ ምሽት እንዴት ይዘጋጃል?

ታሪክ የማይተርክ፣ ተዋናይ የሌለበት ሙከራዊ ፊልም ሊያይ የመጣ ሰው በመክፈቻው ምሽት ከተሰላቸ በማግስቱ አይመለስም። ስለዚህ ዝግጅቱን ከቀይ ምንጣፍና ከአበባ ሳይሆን ከፊልሞቹ ጀምሩ።

ከ6 እስከ 8 ፊልሞች ምረጡ፤ ጠቅላላ ርዝመታቸው ከ70 ደቂቃ አይለፍ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ 2 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ። ታክሲ አጣለሁ ብሎ የሚሰጋ ተመልካች የመጨረሻውን ፊልም በልቡ አያየውም።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉን አውጡ። ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ሥራ ይህ ነው። ሙከራዊ ፊልም ሠሪዋ ማያ ዴረን እ.ኤ.አ. በ1946 ኒውዮርክ ውስጥ ፕሮቪንስታውን ፕሌይሃውስ የተባለውን ትንሽ ቲያትር ተከራይታ የራሷን ፊልሞች አሳየች። ከቪየና የተሰደደው አሞስ ቮገል በዚያ ተነሳስቶ በ1947 ከባለቤቱ ከማርሻ ጋር ሲኒማ 16 የተባለውን የፊልም ማኅበር መሠረተ። ቮገል የሳይንስ ፊልም፣ ዘጋቢ ፊልምና ሙከራዊ ፊልም በአንድ ምሽት ያፈራርቅ ነበር። እኔም የማምነው በዚህ መንገድ ነው፤ የማይመሳሰሉ ሥራዎች ሲከታተሉ ዓይን አይደክምም። በቀለሙ ወይም በእንቅስቃሴው ወዲያው የሚይዝ፣ 3 ወይም 4 ደቂቃ የሚወስድ ፊልም ይቅደም። ረጅሙና ከባዱ መሃል ላይ ይግባ። ሁለት ዝግ ያሉ ፊልሞችን አታከታትሉ። በእያንዳንዱ ፊልም መካከል 10 ሰኮንድ ያህል ጥቁር ስክሪን ተዉ፤ አለዚያ የአንዱ መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር ይምታታል።

ድምፅ አልባ ፊልም ካለ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከመድረክም ተናገሩ። ያልተነገረው ተመልካች ድምፅ ማጉያው የተበላሸ ይመስለውና ማፏጨት ይጀምራል፤ ፊልም ሠሪው ለወራት የደከመበት ጸጥታ በዚያው ይጠፋል። ፕሮጀክተሩን ለሚያንቀሳቅሰው ባለሙያም የትኛው ፊልም ላይ ጭረት፣ ባዶ ነጭ ምስል ወይም ረጅም ጨለማ እንዳለ፣ ከስንተኛው ደቂቃ እስከ ስንተኛው እንደሚቆይ በጽሑፍ ስጡት። ብልሽት ነው ብሎ ፊልሙን ቢያቆም ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

በፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚል ፊልም የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ፊልም ሠሪው ቶኒ ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1966 ከጥቁርና ከነጭ ፍሬሞች መፈራረቅ በሠራው ፊልም መጀመሪያ ላይ ማስጠንቀቂያ አስቀምጧል። እናንተም በር ላይ ለጥፉ፣ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊትም አሳስቡ፤ መውጣት የሚፈልግ ሰው በሰላም ይውጣ።

በዋዜማው በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው መሣሪያ ሁሉንም ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዩ። በ4 ለ 3 የወርድና የቁመት ምጣኔ የተቀረጸው በሰፊ ስክሪን ተለጥጦ እንዳይታይ፣ የትርጉም ጽሑፉ ከስክሪኑ በታች እንዳይቆረጥ ተመልከቱ። የየፊልሙ የድምፅ መጠን ስለሚለያይ አመጣጥኑትና መዝግቡት። ሰው የሞላበት አዳራሽ ድምፅ ስለሚውጥ ከልምምዱ ትንሽ ከፍ ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል። ፊልሞቹን በሁለት ሃርድ ዲስክ ያዙ። መብራት ቢጠፋ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ኮምፒውተሩና ፕሮጀክተሩ እንዳይጠፉ ዩፒኤስ የተባለውን ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ አዘጋጁ፤ አምፖል ያለው ፕሮጀክተር አንዴ ከጠፋ ቀዝቅዞ እስኪበራ ደቂቃዎች ይወስዳል።

ንግግር የሚያደርገው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። የስፖንሰሮች ምስጋና በስክሪን ላይ ይታይ። የክብር እንግዳው ቢዘገይ እንኳ በሰዓቱ ጀምሩ፤ በሰዓቱ የመጣው ተመልካች ነው መከበር ያለበት። የፊልሞቹን ትርጉም ግን አስቀድማችሁ አታብራሩ። ሰው የራሱን ስሜት ይዞ እንዲገናኛቸው ዕድል ስጡት።

ከፊልሞቹ በኋላ ለሚኖረው ውይይት የመድረክ መሪው የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ያዘጋጅ። «መልእክቱ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ውይይቱን ይዘጋዋል። «ይህን ብርሃን እንዴት አገኙት? ይህስ ድምፅ ከየት ተቀዳ?» ቢባል ግን ፊልም ሠሪው ስለ ሥራው በዝርዝር ይናገራል፤ ተመልካቹም ደፍሮ ይጠይቃል። ውይይቱን በ20 ደቂቃ ውስጥ ቋጩና በር ላይ ቆማችሁ የነገውን ፕሮግራም ሰዓቱ ጎልቶ በተጻፈበት ወረቀት ለእያንዳንዱ ሰው በእጁ ስጡት።