ቲክ ነው ወይስ ኦሲዲ? ልጄን እንዲህ ጠየቅኩት

ቲክ ሳይፈልጉት የሚደጋገም እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ ነው፤ ኦሲዲ ደግሞ አስጨናቂ ሐሳብ እየመጣ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ ሕመም። ልጄ በ7 ዓመቱ ዓይኑን ማርገብገብ ጀመረ። በ10 ዓመቱ ደግሞ የበሩን እጀታ አራቴ ካልነካሁ አልወጣም አለ። መጀመሪያ ላይ «ተው!» እለው ነበር። እባካችሁ እናንተ እንዲህ አትበሉት፤ ጭንቀት ቲክን ያባብሳል።

ረጋ ሲል ጠብቁና «ይህን ከማድረግህ በፊት ምን ተሰማህ?» በሉት። «ዓይኔን ይበላኛል» ካለ ወደ ቲክ ያደላል። «ካልነካሁ እማዬ ትሞታለች» ካለ ወደ ኦሲዲ። የኔው ግን «ልክ እስኪመጣልኝ ነው» አለኝ። ሁለቱ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ልጆች ላይም አብረው ይመጣሉ።

መልሱን በራሱ ቃል ጻፉት፤ እንቅስቃሴውን በስልክ ቀርጻችሁ ለሐኪም አሳዩ። ሕክምናው ይለያያላ! ለቲክ፣ ስሜቱ ሲመጣ ሌላ እንቅስቃሴ መተካት ይለማመዳል። ለኦሲዲ፣ እጀታውን ሳይነካ ፍርሃቱን ችሎ መቆየት። በሩ ላይ አብራችሁት አትቁጠሩ።