ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ማስጠናት ለምትጀምሩ፦ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

አዲስ አስጠኚ ሲያስተምር አጠገቡ ቁጭ ብዬ መጀመሪያ የማየው፣ ጠይቆ ምን ያህል ዝም እንደሚል ነው። አብዛኞቹ ዝም አይሉም። "ይቺ ፊደል ማን ናት?" ይላሉ፤ ልጁ አፉን ሳይከፍት "ትናንት ያየናት እኮ ናት! 'በ' አይደለችም? በል እንጂ!" እያሉ ይደራርቡበታል። እባካችሁ ተዉ! ኦቲዝም ወይም ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ብዙ ልጆች የሰሙትን ለማብላላት ከሌላው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋሉ። ጥያቄውን በሌላ ቃል በለወጣችሁት ቁጥር ልጁ የጀመረውን ሐሳብ ጥሎ እንደገና ከዜሮ ይነሳል። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መደበኛ ክፍሎችን አጥንታ፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ወደ 3 ሰከንድ ሲያስረዝሙት ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚሻሻል አሳይታለች። ያ እንግዲህ በመደበኛ ክፍል ነው። እኔ በልቤ እስከ 10 እቆጥራለሁ፤ ካስፈለገም ቆጠራውን እደግማለሁ።

ዝም ብሎም በዓይን መልስ መስጠት እንዳለ የተማርኩት አጥፍቼ ነው። ዳውን ሲንድሮም ያለባት አንዲት ልጅ ቁጥር ሳስተምር ከረምኩ፤ ካርዶቹን እዘረጋለሁ፣ "አራት የቱ ነው?" እላለሁ፣ ታነሳለች፣ አጨበጭባለሁ። አንድ ቀን ዓይኔን ካርዶቹ ላይ ሳላሳርፍ ደብተሬን እያየሁ ጠየቅኳት። ጣቷ ሦስት ላይ ደረሰ፣ ቆመ፣ ቀና ብላ ፊቴን ፈለገች፤ ሳታገኘው ሲቀር እጇን ሰብስባ ጭኗ ላይ አደረገች። ለካ ስታነብ የከረመችው የኔን ዓይን ኖሯል! ያን ሁሉ ጊዜ መልሱን የምሰጠው እኔው ነበርኩ።

እጅ ይዞ ማጻፍም ያው ነው። ማገዙ አይከፋም፤ ነገር ግን ከመዳፍ ወደ አንጓ፣ ከአንጓ ወደ ክርን እየሸሻችሁ፣ በመጨረሻ በጣት ከመጠቆም አልፋችሁ ጭራሽ የምትለቁበትን መንገድ ከመጀመሪያው አስቡ።

"እየኝ! ዓይኔን እየኝ!" ኦቲዝም ያለበትን ልጅ እንዲህ አታስጨንቁት። ብዙዎቹ ወደ ጎን እያዩ በደንብ ይሰማሉ፤ ዓይን ለዓይን መተያየቱ ራሱ አቅማቸውን ሊጨርሰው ይችላል።

"አይገባውም" ከማለታችሁ በፊት ጆሮውና ዓይኑ ተመርምሮ እንደሆነ ወላጆቹን ጠይቁ። ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ልጆች ላይ የመስማት ችግር በብዛት ይታያል። ሌላም አለ፤ ልጁ በንባብ መሐል ለጥቂት ሰከንዶች ፈዞ፣ ቢጠሩት ሳይሰማ ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ከቀጠለ፣ ቀልቡ ሸሽቷል ብላችሁ አትቆጡት። ሰውነትን የማያንፈራግጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሰዓቱንና ስንት ጊዜ እንደደጋገመው ጻፉና ለወላጆቹ ስጡ፤ በሽታውን መሰየም የሐኪም ሥራ ነው።

ዲስሌክሲያ (ማንበብና መጻፍን የሚያከብድ ችግር) ያለበትን ልጅ አንዱን ቃል 50 ጊዜ ማስገልበጥ ድካም እንጂ ንባብ አያስተምርም። ችግሩ በአብዛኛው ድምፅን ከፊደል ማገናኘቱ ላይ ስለሆነ፣ ሥራው እዚያ ላይ ይሁን።

ለወላጅ "በሦስት ወር አስነብበዋለሁ" ብላችሁ ቃል አትግቡ።

የ13 ዓመት ልጅ የሕፃን ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አትስጡት። ንባቡ ቀላል ይሁን፤ ጉዳዩ ግን የሱ ዕድሜ ይሁን።

በጣም የሚያንገበግበኝ ደግሞ በር ላይ የሚሆነው ነው። እናት ልጇን ልትወስድ መጥታ "እንዴት ነው፣ ለውጥ አለው?" ትላለች። አስጠኚው ያልቻለውን ሁሉ ይዘረዝራል፤ ልጁ እዚያው ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ ነው። አንዴ አይቻለሁ፤ አንደበት ያልፈታ ልጅ ነበር፣ "እስካሁን ምንም የለም" የሚለውን ሲሰማ ጣቶቹ ክሩ ላይ ቀሩ። አይናገርም ማለት አይሰማም ማለት አይደለም! እኔ የከበደውን ነገር ማስታወሻ ደብተር ላይ ጽፌ ለወላጅ እሰጣለሁ፤ በር ላይ የምናገረውን ስሙን ጠርቼ፣ ወደ እሱ ዞሬ ነው የምናገረው።