የኮድ አጻጻፍ ፍተሻ ስታስገቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዌብ አፕሊኬሽን ላይ የኮድ አጻጻፍ ፍተሻ የሚገባው ሰዎች ስለ ሴሚኮለንና ስለ ጥቅስ ምልክት መጨቃጨቅ እንዲያቆሙ ነው። ብዙ ቡድን ውስጥ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ፍተሻው ይገባል፣ ጭቅጭቁ ከሴሚኮለኑ ወደ ፍተሻው ይዞራል፣ ትንሽ ቆይቶ ቀዩን ምልክት ዞር ብሎ የሚያየው ይጠፋል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመሣሪያው ሳይሆን የአገባቡ ነው። ማሽን የሚችለውን ለማሽን፣ ማሰብ የሚጠይቀውን ለሰው መስጠት ሲገባ ሁለቱ ይደበላለቃሉ። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከጃቫስክሪፕት ናቸው። በፓይተን፣ በፒኤችፒ ወይም በሩቢ ለምትሠሩም ነገሩ ያው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፎርማተርንና ሊንተርን አንድ አድርጎ ማየት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሌላው ጣጣ ብዙው የሚመዘዘው ከዚህ ነው። ፎርማተር የኮዱን መልክ ብቻ ነው የሚነካው። መስመሩ የት ይሰበር፣ ስንት ክፍት ቦታ ይግባ፣ ጥቅሱ ነጠላ ይሁን ድርብ፤ በቃ። ኮዱ ምን እንደሚሠራ አያገባውም። ሊንተር ግን ትርጉም ያነባል። አነሳሳቸውም ለየቅል ነው። ሊንት የሚባለውን የመጀመሪያ መሣሪያ ስቲቨን ጆንሰን በ1978 ቤል ላብስ ውስጥ የሠራው የሲ ኮምፓይለር ዝም ብሎ የሚያልፋቸውን አጠራጣሪ ነገሮች ለመልቀም ነበር። ለጃቫስክሪፕት ኒኮላስ ዛካስ ኢኤስሊንትን በ2013 ጀመረ። የጄምስ ሎንግ ፕሪቲየር ደግሞ በ2017 ብቅ አለ፤ ሥራው መልክ ማስተካከል ብቻ ነው።

ልዩነቱን በአንድ አጭር ፈንክሽን እንየው። «ሪተርን» የሚለው ቃል ብቻውን አንድ መስመር ላይ ተጽፏል። የሚመለሰው ኦብጀክት፣ አንዲት «ስም» የምትባል መረጃ በጥምዝ ቅንፍ ይዞ፣ ቀጣዩ መስመር ላይ ተቀምጧል። ሲያዩት ምንም ችግር ያለበት አይመስልም። ጃቫስክሪፕት ግን ከሪተርን በኋላ መስመሩ ካለቀ ራሱ ሴሚኮለን ያስገባል። ፈንክሽኑ እዚያው ያበቃና አንዲፋይንድ፣ ማለትም «ዋጋ የለም»፣ ይመልሳል። ፎርማተሩ ይህን ፋይል ሲያገኝ ያቺን ሴሚኮለን በግልጽ ይጽፋታል፣ የቀረውን አሰላልፎ ያልፋል። ስህተቱ እንዳለ ነው፤ አሁን ግን አምሮበታል። ከሪተርን በታች ያለው ኮድ መቼም አይደረስበትም ብሎ የሚጮኸው ሊንተሩ ነው።

ሁለቱን ለአንድ ሥራ ስታሰማሩ ደግሞ ሌላ ትርምስ ይመጣል። ፋይሉን ሴቭ ስታደርጉ ፕሪቲየር ነጠላውን ጥቅስ ድርብ ያደርገዋል። ኢኤስሊንት ተቀብሎ ነጠላ ያደርገዋል። ኮዱ ዓይናችሁ እያየ ወዲያና ወዲህ ይላል። ኢኤስሊንት ራሱ በ2023 የመልክ ሕጎቹን ጡረታ አውጥቷቸዋል። ስለዚህ መልክ ለፎርማተር፣ ትርጉም ለሊንተር ይሁን። አሮጌ ኮንፊግ (የመሣሪያው የምርጫ ፋይል) ካላችሁ ኢኤስሊንት ኮንፊግ ፕሪቲየር የሚባለው ጥቅል የሚጋጩትን ሕጎች ያጠፋል። መጨረሻ ላይ አስገቡት። መሃል ከገባ ከኋላው የሚመጣው ኮንፊግ መልሶ ያበራቸዋል። ሰው «ጫንኩት፣ አልሠራም» ሲል ብዙ ጊዜ ነገሩ ይሄው ነው።

«ስታይል ጌጥ ነው» ማለት

በየካቲት 2014 አፕል አስቸኳይ የደኅንነት ማስተካከያ አወጣ። ከሰርቨር ጋር የተመሰጠረ ግንኙነት በሚፈጥረው ኮድ ውስጥ «ጎቱ ፌይል» (ወደ መውጫው ዝለል) የምትል አንዲት መስመር ሁለት ጊዜ ተደግማ ነበር። ከላይዋ ያለው «ኢፍ» ጥምዝ ቅንፍ የለውም። ሁለተኛዋ መስመር ከመጀመሪያዋ እኩል ገባ ብላ ስለተጻፈች በኢፉ ሥር ያለች ትመስላለች። እውነቱ ግን ኢፉ የሚገዛው የመጀመሪያዋን ብቻ ነው። ሁለተኛዋ ምንም ይሁን ምን ትሠራለች፣ የፊርማው ማረጋገጫም ይዘለላል። ፎርማተር ቢያልፍበት ኖሮ ሁለተኛዋ መስመር ወደ ግራ ወጥታ ትጋለጥ ነበር። ኢፍ ሁሉ ቅንፍ ይኑረው የሚለው ሕግ ከንቱ ሥርዓት አይደለም ማለት ነው።

በየሕጉ ላይ ስብሰባ መቀመጥ

ታብ ወይስ ስፔስ? መስመሩ 80 ፊደል ይርዘም ወይስ 120? በዚህ ላይ የሚጠፋው ሰዓት ያሳዝናል። የጎ ቋንቋ ሰዎች ገና በ2009 ሲወጡ ጎፍምት የሚባለውን ፎርማተር ይዘው ነው የመጡት። የስታይል ምርጫ አይሰጥም፣ ክርክሩም አብሮ ቀረ። ፕሪቲየር ዝም ካላችሁት መስመሩን 80 አካባቢ፣ ገባ ማለቱን ሁለት ስፔስ ያደርገዋል። የፓይተኑ ፎርማተር ብላክ 88 ይላል፤ የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ የሆነው ፔፕ 8 ደግሞ ከ2001 ጀምሮ 79። የትኛው ይሻላል የሚለው ብዙም ለውጥ የለውም። የመጣውን ተቀበሉና ወደ ሥራችሁ ተመለሱ።

አሮጌውን ኮድ ሁሉ ከአዲስ ፊቸር ጋር አብሮ ማስተካከል

አንድ ሰው የመግቢያ ገጹን ሊያስተካክል ይገባል። ኤዲተሩ ሴቭ ባደረገ ቁጥር ፎርማት እንዲያደርግ ተደርጓል። ፑል ሪኩዌስቱ (ለውጡ ወደ ዋናው ኮድ እንዲገባ የሚቀርበው ጥያቄ) ሲከፈት 9 ሺህ መስመር ተቀይሯል። እውነተኛው ለውጥ አሥራ ሁለት መስመር ነው፣ ግን የት እንዳለ ማን ይፈልገው? ሪቪው አድራጊው ዓይኑን ጨፍኖ ያጸድቃል። ባግ በዚያች ቀዳዳ ይገባል።

ፎርማት ማድረጉ ብቻውን በአንድ ኮሚት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢው ጊት ላይ በሚመዘገብ አንድ የለውጥ ጥቅል) ይሁን። ምንም ሌላ ነገር አይግባበት። ያኔ የሚመጣው ቅሬታ ጊት ብሌም ተበላሸ የሚል ነው፤ ማን ምን ለምን ጻፈ ብለው ሲጠይቁት በየመስመሩ የፎርማት ኮሚቱን ያሳያል። ለዚህም መፍትሔ አለው። ጊት ከ2.23 ጀምሮ፣ ማለትም ከነሐሴ 2019 ወዲህ፣ ብሌም ሲደረግ የሚዘለሉ ኮሚቶችን ዝርዝር ከፋይል ያነባል። የፎርማት ኮሚቱን መለያ እዚያ ፋይል ውስጥ ጻፉ፣ ፋይሉን ሪፖው (የፕሮጀክቱ የኮድ ማከማቻ) ውስጥ አስቀምጡ። ጊትሀብም ስሙ በተለመደው መንገድ ከተጻፈ ያከብረዋል።

ያልተዘጉ ብራንቾች (ከዋናው ኮድ ተነጥለው የሚሠሩ ቅርንጫፎች) የያዙ ባልደረቦች ግን ይቸገራሉ። በየፋይሉ ኮንፍሊክት ይወጣባቸዋል። እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ከዋናው ብራንች ከፎርማት ኮሚቱ በፊት እስካለው ድረስ ያለውን ብቻ ሜርጅ ያድርጉ (ከራሳቸው ጋር ያዋህዱ)። ቀጥሎ በራሳቸው ብራንች ላይ ያንኑ ፎርማተር በዚያው ኮንፊግ ያሂዱና ኮሚት ያድርጉ። ከዚያ የፎርማት ኮሚቱን «አወርስ» በሚባለው የሜርጅ ስልት ያስገቡ፤ የእኔን እንዳለ ያዝ ማለት ነው። ኮዳቸው ቀድሞ ስለተስተካከለ የሚጠፋ ነገር የለም። ቅደም ተከተሉን ከሳቱ ግን የሌላ ሰው ሥራ ሊውጡ ይችላሉ። ስለዚህ ደረጃዎቹን ቀድማችሁ ጽፋችሁ ስጧቸው።

ዋርኒንግ መከመር

«ለጊዜው ዋርኒንግ እናድርገው» ይባላል። ያ ጊዜው አያልቅም። ተርሚናሉ ላይ አራት መቶ ቢጫ መስመር የሚያይ ሰው አራት መቶ አንደኛውን አያይም። ሕጉ የሚጠቅም ከሆነ ኤረር አድርጉት፤ ካልሆነ አጥፉት። ቢያንስ ሲአይ (ኮዱ በተላከ ቁጥር ፍተሻዎቹን ሰርቨር ላይ በራሱ የሚያሂደው ሥርዓት) ላይ የሚፈቀደውን ዋርኒንግ ዜሮ አድርጉ፣ ኢኤስሊንት ለዚህ አማራጭ አለው። አሮጌው ኮድ እንቅፋት ከሆነባችሁ ከ2025 ጀምሮ ያሉት የኢኤስሊንት ቨርዥኖች ነባሮቹን ጥሰቶች በአንድ ፋይል መዝግበው ያልፏቸዋል። ሕጉ የሚያስቆመው አዲሱን ጥሰት ብቻ ይሆናል። እየቆየ ዝርዝሩን ማሳጠር ነው።

ሊንተሩን ያለ ምክንያት ዝም ማሰኘት

ሁላችንም ኮዱ አናት ላይ ያቺን «ዲሴብል» የምትል ኮሜንት አይተናታል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንዲሉ፣ እዚያች ቦታ ላይ ነው ባጉ የሚበቅለው።

ሪአክት በሚባለው የገጽ መሥሪያ ላይብረሪ ላይ የተለመደችውን ልንገራችሁ። የፕሮፋይል ገጽ አለ። ገጹ ሲከፈትና ከታች የሚዘረዘሩት ጥገኞቹ ሲቀየሩ ብቻ በሚሠራው ዩዝኢፌክት ውስጥ የተጠቃሚው አይዲ ተወስዶ መረጃው ከሰርቨር ይጠራል። ከታች ያለው የጥገኞች ዝርዝር ግን ባዶ ነው። ሊንተሩ አይዲው ዝርዝሩ ውስጥ የለም ይላል። ጸሐፊው ገጹ አንዴ ሲከፈት ብቻ እንዲጠራ ስለፈለገ ሊንተሩን ዝም ያሰኘዋል። ሲሞክረው ይሠራል። በኋላ ሌላ ሰው ከአንዱ ፕሮፋይል ወደ ሌላው በቀጥታ የሚያሻግር ሊንክ ይጨምራል። አድራሻው ይቀየራል፣ አይዲው ይቀየራል፣ ገጹ ላይ ያለው ግን አሁንም የመጀመሪያው ሰው መረጃ ነው። ሊንተሩ ቀድሞ ተናግሮ ነበር።

አንዳንዴ ዝም ማሰኘት ግድ ይሆናል። ያኔ መላውን ፋይል ሳይሆን ያቺን አንድ መስመር፣ ሁሉንም ሕግ ሳይሆን ያንን አንዱን በስሙ ጠርታችሁ ዝም አሰኙ። ከጎኑም ምክንያቱን ጻፉ። ችግሩ ተወግዶ ኮሜንቱ ብቻ የቀረበትን ቦታም ኢኤስሊንት ፈልጎ ማውጣት ይችላል።

ፍተሻውን ኮሚት ላይ ብቻ መተው

ኮሚት ሲደረግ ፍተሻውን የሚያስነሱት ኸስኪና ሊንት ስቴጅድ ደስ ይላሉ፤ የተነካውን ፋይል ብቻ ስለሚያዩ ፈጣን ናቸው። ግን «ኖ ቬሪፋይ» የምትለዋን ቃል የጨመረ ሁሉ ያልፋቸዋል። የመጨረሻው ዳኛ ሲአይ ይሁን። እዚያ ደግሞ ፕሪቲየር ይመርምር እንጂ አይጻፍ። የሚጽፈውን ትእዛዝ ሲአይ ላይ ካስገባችሁ ፋይሎቹን እዚያው አስተካክሎ አረንጓዴ ይሰጣችኋል፣ ሪፖው ግን እንደነበረ ነው።

ቨርዥን አለመቆለፍ፣ የመስመር መጨረሻን መርሳት

ፕሪቲየር በ2023 3.0 ሲወጣ በመጨረሻ የምትገባዋ ኮማ ላይ ያለው ነባሪ ምርጫ ተቀየረ። አንዱ 2፣ ሌላው 3 ከጫነ ሁለቱም ትክክል ሆነው ይጣላሉ። ቨርዥኑን ያለምንም ክልል በትክክለኛ ቁጥሩ ቆልፉት፤ ኤዲተራችሁም የፕሮጀክቱን እንጂ የራሱን እንዳይጠቀም እዩ።

ዊንዶውስ የሚጠቀም ባልደረባ ፋይል ሳይነካ በየመስመሩ ኤረር ከወጣበት ደግሞ ነገሩ የማይታየው የመስመር መጨረሻ ምልክት ነው። ጊት አትሪቢውትስ ፋይል ውስጥ ለሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆን ወስኑ። ሰውዬውን አትቆጡት።

ኤችቲኤምኤልን እንደ ሌላው ኮድ ማየት

ጃቫስክሪፕት ላይ ትርፍ ክፍት ቦታ በአብዛኛው ለውጥ የለውም። ኤችቲኤምኤል ላይ ግን ይታያል። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረሻው ላይ ሊንክ አለው እንበል፣ ከሊንኩ ቀጥሎ አራት ነጥብ። ፎርማተሩ አራት ነጥቡን ወደ አዲስ መስመር ቢያወርደው ብራውዘሩ መስመሩን እንደ ክፍት ቦታ ይቆጥረዋል። ነጥቡ ከቃሉ ተነጥሎ ለብቻው ይቆማል። ፕሪቲየር የመዝጊያ ቅንፉን አንዳንዴ ሰብሮ ወደ ታች የሚያወርደው ይህን ለመከላከል ነው። ያስጠላል፣ እውነት ነው። ብዙ ሰው አስጠልቶት ለክፍት ቦታ አትጨነቅ የሚለውን አማራጭ ያበራል፤ ኮዱ ያምራል፣ ገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ ይላቀቃል። አማራጩን ካበራችሁ በጽሑፍ መሃል ሊንክ፣ ምስል ወይም ቁልፍ ያለባቸውን ገጾች ብራውዘር ላይ ከፍታችሁ ከቀድሞው ጋር አስተያዩ። ይህንን ሲአዩ አይነግራችሁም።