ከናኖሜትር ወደ ጣትና ክንድ፦ የረቂቅ ርዝመቶች አመነዛዘር

ማይክሮሜትርና ናኖሜትር በትምህርት ቤት ቁጥር ሆነው ስለሚቀርቡ፣ ብዙ ሰው ስማቸውን ቢያውቅም መጠናቸውን በአእምሮው ሊስል አይችልም። ጣት፣ ጋት፣ ስንዝርና ክንድ ግን ሁልጊዜ አብረውን ያሉ መለኪያዎች ናቸው። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር የመጀመሪያዎቹን በኋለኞቹ ለመግለጽ የሚያስችል ሲሆን፣ ከማካፈልና ዜሮን በጥንቃቄ ከመቁጠር ያለፈ ሒሳብ አይጠይቅም።

መጀመሪያ የራስዎን ክንድ ይለኩ። ክንድዎን አጥፈው ከክርንዎ ጫፍ እስከ መሃል ጣትዎ ጫፍ ያለውን ርዝመት በሜትር ይያዙ። የረጅም ሰው ክንድና የአጭር ሰው ክንድ እኩል አለመሆናቸውን ሸማ በክንድ ለክቶ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለዚህ የሌላ ሰው ልክ አይዋሱ። እዚህ ለምሳሌ የምንጠቀመው 48 ሴንቲሜትር የሆነ ክንድ ነው።

ቀጥሎ ክንዱን ወደ ታች ይከፋፍሉ። በቆየው አቆጣጠር አንድ ክንድ 2 ስንዝር፣ ወይም 6 ጋት፣ ወይም 24 ጣት ነው። የጎልያድ ቁመት «ስድስት ክንድ ከስንዝር» ሲባል 13 ስንዝር ማለት የሚሆነውም በዚሁ ስሌት ነው። የጥንት ግብፃውያን የንጉሥ ክንድ ግን 7 ጋት ወይም 28 ጣት ስለነበረው ወደ 52 ሴንቲሜትር ይደርስ ነበር፤ ሁለቱን አከፋፈሎች መቀላቀል ስሌቱን ያበላሻል። በእኛ ምሳሌ ስንዝሩ 24፣ ጋቱ 8፣ ጣቱ ደግሞ 2 ሴንቲሜትር ይሆናል። ጣት ሲባል ስፋቱ እንጂ ርዝመቱ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ።

ሦስተኛው ሥራ ሳይንሳዊውን አሃድ ወደ ሜትር ማምጣት ነው። ማይክሮሜትር የሜትር አንድ ሚሊዮንኛ፣ ናኖሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። በስዊድናዊው የፊዚክስ ሊቅ በአንደርስ አንግስትሮም ስም የተሰየመው አንግስትሮም ደግሞ የናኖሜትር አንድ አሥረኛ ነው። ስሕተት በብዛት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ ሌሎቹ አሃዶች በሺህ ሲራራቁ አንግስትሮም በአሥር ብቻ ስለሚለይ፣ በልማድ ሦስት ዜሮ የጨመረ ሰው ውጤቱን መቶ እጥፍ ያዛባዋል።

አሁን ያካፍሉ። የኮሮና ቫይረስ ስፋት 100 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ይህም 0.0000001 ሜትር ይሆናል። ይህን ለአንድ ጣት፣ ማለትም ለ0.02 ሜትር ስናካፍለው 0.000005 ጣት እናገኛለን። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን «የጣት አምስት ሚሊዮንኛ» የሚለው አነጋገር ከናኖሜትሩ የተሻለ ምንም አያሳይም። በእኔ እምነት የዚህ ሥራ ቁም ነገር የሚጀምረው ስሌቱን ሲገለብጡት ነው፦ ቫይረሱ የጣት ስንት እጅ ነው ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ በአንድ ጣት ስፋት ላይ ስንት ቫይረስ ጎን ለጎን ይሰለፋል ብሎ መጠየቅ ያሻል። 0.02 ለ0.0000001 ሲካፈል 200,000 ይመጣል።

ለዚህ ግልባጭ ቋንቋችን ራሱ የሚያግዝ ቃል አለው። እልፍ 10,000 ነው፤ አንድ ጣትም 20,000 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ሁለት እልፍ ማይክሮሜትር ነው። ቫይረሶቹ 20 እልፍ ሆኑ ማለት ነው። ስፋቱ 2 ናኖሜትር የሆነው የዲኤንኤ ክር ጎን ለጎን ቢደረደር፣ አንድ ጣት ለመሙላት ሺህ እልፍ፣ ማለትም 10 ሚሊዮን ክር ይፈልጋል። የሃይድሮጂን አቶም ስፋት አንድ አንግስትሮም ያህል ነው፤ እዚያ ሲደረስ ቁጥሩ 200 ሚሊዮን ይሆናል፤ ይህም እልፍ ጊዜ እልፍ፣ ሁለት ጊዜ ማለት ነው።

ውጤቱን ሲጽፉ ከመጨረሻዎቹ ዜሮዎች ሌላ ከአንድ ወይም ከሁለት አሃዝ በላይ አያስቀሩ። የአንዱ ሰው ክንድ 45፣ የሌላው 52 ሴንቲሜትር ሊሆን ስለሚችል፣ ከ50 ሴንቲሜትር ክንድ ተነሥቶ የቫይረሶቹን ቁጥር «208,333» ብሎ መጻፍ መለኪያው የሌለውን ጥራት እንዳለው ማስመሰል ይሆናል።

ከአቶም በታች ሲወረድ ጣትም አይበቃም። በአቶም እምብርት ውስጥ ያለው ቅንጣት፣ ፕሮቶን፣ ስፋቱ 1.7 ፌምቶሜትር ገደማ ሲሆን፣ ፌምቶሜትር የናኖሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በአንድ ጣት ላይ የሚሰለፉት ፕሮቶኖች ከ10 ትሪሊዮን ስለሚበልጡ ቁጥሩ ዳግመኛ ባዶ ድምፅ ይሆንብናል። በዚህ ጊዜ ስሌቱን በሁለት እርከን ይሥሩት። በመጀመሪያ ፕሮቶኑን ከአቶሙ ጋር ያነጻጽሩ፤ የሃይድሮጂን አቶም ከፕሮቶኑ 60,000 ጊዜ ያህል ይሰፋል። ከዚያም አቶሙ አንድ ክንድ ሆነ ብለው ያስቡና 48 ሴንቲሜትሩን ለ60,000 ያካፍሉ። የሚገኘው 8 ማይክሮሜትር ነው፤ ይህም የአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ስፋት ያህል ነው። አቶሙ ከክርንዎ እስከ መሃል ጣትዎ ጫፍ ቢዘረጋ፣ ፕሮቶኑ በዚያው ክንድ ውስጥ ከሚዘዋወሩት የደም ሕዋሳት አንዷን ያህላል።