ፋጉሎ ስጨምር ወተቱ ለምን ቀነሰ?

ቢሾፍቱ አካባቢ የማረባቸው የፍሪዥያን ዲቃላ ላሞቼ ወተታቸው ከ14 ሊትር ወደ 11 ሲወርድ፣ ብዙዎቻችን እንደምናደርገው፣ ፕሮቲን የበዛበትን የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን የኑግ ተረፈ ምርት) ጨመርኩላቸው። ላሞቹ ግን ይበልጥ ከሱ፤ እበታቸውም ቀጠነ። ለካስ የምመግባቸው አልፋልፋ የተባለው የመኖ ተክል ብቻውን በቂ ፕሮቲን ይሰጣቸው ኖሯል፤ የጎደላቸው ኃይል ሰጪ መኖ ነበር። በጨጓራ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ከፕሮቲን የሚወጣውን አሞኒያ ለራሳቸው ዕድገት የሚያውሉት ከስታርችና ከስኳር በቂ ኃይል ሲያገኙ ብቻ ስለሆነ፣ ትርፉ አሞኒያ በደም ወደ ጉበት ሄዶ ዩሪያ ሆኖ ይወገዳል፤ ይህም ራሱ የላሟን ኃይል ይበላል።

ስለዚህ ግማሽ በግማሽ የነበረውን የፋጉሎና የፉርሽካ ድብልቅ ትቼ በ100 ኪሎ ውስጥ 37 ኪሎ የተፈጨ በቆሎ፣ 40 ኪሎ ፉርሽካ፣ 20 ኪሎ ፋጉሎ፣ ቀሪውን ጨውና የኖራ ድንጋይ ዱቄት አደረግኩ። በቆሎውን በአንድ ጊዜ መስጠት ጨጓራውን አሲዳማ ስለሚያደርግ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አስለመድኳቸው፤ የጤፍ ጭዱንም ለማመንዠክ እንዲረዳቸው አላቋረጥኩም። እበታቸው ቀድሞ ጠጠረ፤ ወተቱ በአምስተኛው ሳምንት 14 ሊትር ገባ። የፋጉሎ ወጪዬ መቀነሱ ያልጠበቅኩት ነበር።